እስከ ስድስት ሰዓት

ጧት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከሸዋ በር ቁልቁል፣
ቀኝ እግሬ ሲቀድም፣ ግራዬ ሲከተል፣
ምርኩዜ ኮብሉን "ቋ... ቋ..." እያለ ሲቆጥር፣
መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ድንጋይ በድንጋይ፣ አጥር ባጥር።

የጦሳ ጉም ገና ከጣራው አልተነሳም፤
ብርዱ ግራ ጉልበቴን መጠየቅ አይረሳም።

የሙሄ ስፌት ቤት ጠባብ ናት፤ ሁለት መኪና፣ አንድ ካውያ፣
ባለሦስት እግር በርጩማ (ምርኩዜ ከተቆጠረ፣ እንደኔው) ለደንበኛ መቆሚያ።
ፔዳሉ ሁለት እግር ይፈልጋል ይላሉ፤
እኔ በቀኜ አስኬደዋለሁ። ግራው አጠገቡ ቁጭ ብሎ
እንደ ሽማግሌ ያዳምጣል።

እጅጌ እገጥማለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፤
ስድስት ሰዓት ሲሆን በጓሮ በር እወጣለሁ።

በጓሮ የምወጣው ሌባ ሆኜ አይደለም።
ቀበሌ ባለው መዝገብ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
ከስሜ ቀጥሎ፣ ከዘምዘም ይመር ቀጥሎ፣
"መሥራት የማትችል" ይላል።
በዚህች ቃል ነው ወር በመጣ ቁጥር ብር ባንኬ የሚገባው።

ድጎማው ብቻውን፣ ኪራይ ከፍሎ ያበቃል።
የሙሄ ግማሽ ቀን ብቻውን፣ ሽሮና ዘይት ገዝቶ ይወድቃል።
ሁለቱ ሲደጋገፉ ነው፣ እንደ እግሬና እንደ ምርኩዜ፣
ቤቴ ቀጥ የሚለው፤ ይዘማል አንዱን የቀሙኝ ጊዜ።

"ዝም በይ" ትለኛለች ጎረቤቴ ሰዓዳ፤
"የሠራ ይፋቃል። የተኛ ይከፈለዋል። ማን ጠየቀሽ?"

ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ሲል፣ በሩን ጥላ ጋረደው፤
አቶ ስጦታው ነው፣ የቀበሌው፣ መዝገቡን የሚይዘው፤
አምና ቤቴ መጥቶ፣ አልጋዬን፣ ምድጃዬን፣ እግሬን አይቶ
"እህ" ብሎ የጻፈው፣ ሻይ እንኳ አልጠጣም ብሎ።

ሱሪ ይዟል በፌስታል። የልጁ ሠርግ ነው እሁድ።
ሙሄ ገበያ ወጥቷል። ከኔ ሌላ ሰው የለም፤ የት ልሂድ?

በርጩማው ላይ ቆመ። ተንበረከክሁ።
(የኔ መንበርከክ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።)
አምስት ስፒል በከንፈሬ።
ቁልቁል አየኝ። "ዘምዘም? አንቺ ነሽ?
እዚህ ትሠሪያለሽ?"

ስፒል የነከሰ አፍ ምን ብሎ ይመልሳል።

አንዱን ሰካሁ። ግራ እግሩ ከቀኙ ያጥራል፣ በአንድ ጣት፤
ሃምሳ ዓመት ሲራመድበት ማንም አልነገረው፣ ሜትሬ ነው የደረሰበት።
ሁለተኛውን ሰካሁ። ዝም። ሦስተኛውን። ዝም።
አራተኛውን ስሰካ ውሸቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤
አምስተኛው ሲወጣ ግን አፌ ተከፈተ፣ በዋናው በር።

"እሠራለሁ" አልሁት፤ "እስከ ስድስት ሰዓት።
ከዚያ በኋላ እግሬ ያብጣል፣ ወገቤ ይሆናል እሳት።
እስከ ስድስት የምችል ነኝ፣ ከስድስት ወዲያ የማልችል፤
ለሁለቱ የሚሆን ቦታ ወረቀትዎ ላይ ይኖራል?"

ከበርጩማው ወረደ፣ ቀስ ብሎ፣ ምርኩዜን ተደግፎ።
"መመሪያው..." አለ።
መመሪያውን አልጨረሰውም።
"ግራውን በአንድ ጣት አሳጥረዋለሁ" አልሁት፤ "እግርዎ እንደዚያ ነው።"
ወደ መንገዱ አየ፤ ወደኔ ጎንበስ አለ፤
"ለማንም እንዳትነግሪ።"

ቅዳሜ መጣ፣ ለበሰ፣ ከፈለ። ስለ ሌላው ነገር
አንድም ቃል አልወጣውም።
ዛሬ ወሩ ሃያ ሰባት ነው፤ ባንክ ገና አልሄድሁም።
ገብቶ ይሁን ተፍቆ ይሁን፣ ወረፋው ላይ ነው የሚታወቀው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን ክሩን ከቀሚሴ አራግፌ
በፊት ለፊቱ በር እወጣለሁ፣
ፒያሳ ሙሉ ሰው እያየኝ።
ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣
የቀኙ።
ግራውማ ለምዶታል።